ደቻቱ እና ሳተላይቷ

ድሬዳዋ የተወለደችው ገንዘብ ስላጠረ ነው። የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐዲዱን ዳገት ማስወጣት ግን ከኪስ በላይ ሆነና ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ። ስሙ አልጸናም፤ ከተማዋ ግን ቀረች።

የባቡሩ ፈቃድ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም ነው፤ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት። ገንዘቡ ግን የውጭ ነበር። ኩባንያው ሲንገዳገድ የፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ይዞ ገባ፤ ከድጎማው ጋር እጁንም አስገባ። ምኒልክ ነገሩ ከእሳቸው ጀርባ በመደረጉ ተቆጡ። ኩባንያውም ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆሞ ቀረና አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ከፋዩ ማን ነው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ አዲስ አይደለም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ማለዳ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ተሰብስበው ከቻይና የሚተላለፈውን ምስል ይከታተሉ ነበር። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከታይዩዋን ማስወንጨፊያ ተነሳች። ወጪው 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን 6 ሚሊዮን የሚሆነውን ቻይና እንደሸፈነች ተነግሯል። ያኔ የተነሳው ክርክር የሚታወስ ነው፤ «ሕዝቡ እየተራበ ምን ሰማይ ያስቃኛል?» የሚሉ ነበሩ። መልሱም የተዘጋጀ ነበር፦ ለግብርና፣ ለደን፣ ለውሃ፣ ለአደጋ መከላከል።

«ለአደጋ መከላከል» የሚለውን ድሬዳዋ ወስዶ መመዘን ይቻላል።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት ከተማዋ ተኝታ ሳለ ደቻቱ መጣ። ደቻቱን ለማያውቅ፦ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለው፣ ከዚራንና መጋላን የሚለይ የአሸዋ ሜዳ ነው። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። ጎርፉ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። ከደጋው እስከ ከተማው ውሃው የተጓዘባት ጥቂት ጊዜ ሰውን ቀስቅሶ ከዳርቻው ለማራቅ ትበቃ ይሆናል፤ ግን ቀስቅሱ የሚል መልእክት አልደረሰም።

ኢቲአርኤስኤስ-1 ያን ሌሊት ሰማይ ላይ ብትኖር ኖሮስ? ምንም አትረዳም ነበር። የያዘችው በብርሃን የሚሠራ ካሜራ ነው፤ ደመና አይበሳም፣ በጨለማ አያይም። ደግሞም ምድርን እየዞረች ታልፋለች እንጂ ደቻቱ ላይ ቆማ አትጠብቅም። የእሷ ጥቅም ሌላ ነበር፦ ከድሬዳዋ በላይ ያለው ተራራ ምን ያህል እንደተራቆተ ማሳየት። ይህም ቀላል አይደለም፤ የተራቆተ ተራራ ዝናቡን ሳይዝ ነው ወደ ታች የሚለቀው።

የዚያን ሌሊቱን ዓይነት ደመና የሚከታተሉት ሌሎች ናቸው። አውሮፓውያን የሚያንቀሳቅሷቸው የሜቲዮሳት ሳተላይቶች አፍሪካን በየጥቂት ደቂቃው ያነሳሉ፤ ምስሉም ለአፍሪካ የሜትዮሮሎጂ ተቋማት ይደርሳል። ኢትዮጵያ ይህን ሰማይ አልገዛችውም። የጎደለው መሬት ላይ ያለው ነው፦ በደጋው ላይ በብዛት የተተከለና ቁጥሩን ወዲያው የሚልክ የዝናብ መለኪያ፣ ሌሊት ቁጥሩን የሚያነብ ባለሙያ፣ ከእሱ ስልክ እስከ ቀበሌው ድምፅ ማጉያ ያለው መስመር። ለዝናብ መለኪያ ሪባን የሚቆርጥ ሚኒስትር ግን የለም።

ሳተላይቷ በወጣች በአራተኛው ወር፣ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም፣ ድሬዳዋን ጎርፍ መታት፤ ዳግም ሰው ሞተ። ጥፋቱን በሳተላይቷ ማሳበብ ግፍ ነው፤ ሥራዋ አልነበረም። እንጦጦ ላይ የሰለጠኑት ወጣት መሐንዲሶችም ከ8 ሚሊዮኑ የሚበልጥ ዋጋ ያላቸው ናቸው። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም ሁለተኛዋ ትንሽ ሳተላይት ተከተለች፤ ቀጥሎም የስፔስ ተቋሙ ከጂኦስፓሻሉ ጋር ተዋሕዶ አንድ ኢንስቲትዩት ሆነ። ካርታ ሠሪውና ሳተላይት አንቂው በአንድ በጀት ሥር ናቸው ማለት ነው። ለሦስተኛዋ ሳተላይት ገንዘብ ሲጠየቅ የምክር ቤት አባላት ሊጠይቁ የሚገባው ደመና የሚበሳ ራዳር ትይዝ እንደሆነ ነው። የደቻቱ ተፋሰስ መለኪያዎች በየትኛው መሥሪያ ቤት በጀት ውስጥ እንደተጻፉም ማሳየት የሚችል ሰው አብሮ ይቅረብ።