መሪው ለኢትዮጵያ፣ መብራቱ ለኬንያ

በሞያሌ በኩል የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ፤ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የሚገባ መኪና ድንበሩ ላይ ጎን ይቀይራል። እኛ ጋ በቀኝ ይነዳል፣ እነሱ ጋ በግራ። ሾፌሩ ይህን ያውቃል፣ ረዳቱም ያውቃል። የፊት መብራቱ ግን አያውቅም። ይህችን ለመረዳት ስድስት ዓመት ፈጅቶብናል፤ በመካከሉም የአንድ ሰው ክንድ ተሰብሯል።

እኛ ሦስት ሴቶች ነን። ቦሎቄ ወደዚያ እንልካለን፣ ከናይሮቢ ኢስሊ ልብስና ጫማ እናመጣለን፤ አንዲት ቶዮታ በጋራ አለችን። ጃፓን ተሠርታ ጃፓን ያረጀች፣ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የመጣች መኪና ናት። ከዲላ ወደ ያቤሎ በማታ ስንነዳ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራቱን እያበራ እያጠፋ ይቆጣናል። "አጭር ላይ ነን እኮ! ምን ሁኑ ነው የሚሉን?" እንላለን። ድንበሩን ተሻግረን የማርሳቢትን መንገድ ስንይዝ ግን አንድም ሰው አይቆጣንም። የኬንያ ሾፌር ጨዋ ነው እያልን ስንት ጊዜ አውርተናል መሰላችሁ።

ነገሩ የጨዋነት አልነበረም። ለማስረዳት ግን ወደ ኋላ ሄድ ማለት አለብን። (ዓ.ም. ካልጨመርንበት በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የሚያበሩት በዘይት ፋኖስና በካርባይድ መብራት ነበር። ካርባይድ ድንጋይ የሚመስል ነገር ነው፤ ውሃ ሲንጠባጠብበት አሴቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም ደማቅ ሆኖ ይነዳል። በብየዳ ቤት አይታችሁት ይሆናል። አንዳንድ የፍራፍሬ ነጋዴም ሙዝ ያበስልበታል፤ ባያበስልበት ይሻል ነበር። በ1900 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ጊዜ የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ ስትገባ ዓለም የደረሰበት ይኸው ነበር። በ1912 ካዲላክ ኤሌክትሪክ ማስነሻና ኤሌክትሪክ መብራት ያለው መኪና ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ብርሃን ማግኘት ያን ያህል ጭንቀት አልሆነም።

አዲሱ ጭንቀት ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ሆነ። በ1925 ኦስራም የተባለው የጀርመን ኩባንያ በአንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አድርጎ አወጣ፤ አንዱ ሩቅ ያበራል፣ ሌላው ወደ መሬት ዝቅ ይላል። ዛሬ ረጅምና አጭር የምንለው ከዚህ የመጣ ነው። ኮሜርስ ለተማረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ በእኛ በኩል ገቢ ተብሎ የተመዘገበ ብርሃን በሌላው መዝገብ ወጪ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱን ማስታረቅ ነው ሥራው።

ትልቁ ብልሃት የመጣው በ1957 በአውሮፓ ነው። አጭር መብራት በሁለቱም ጎን እኩል መሆን የለበትም ተባለ። ተላላፊ መኪና በሚመጣበት ጎን ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፤ በመንገዱ ዳር በኩል ግን እንደ ደረጃ ከፍ ይላል፣ እግረኛውን፣ አህያውን፣ የመንገድ ምልክቱን እንዲያሳይ። መኪናችሁን ማታ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ አጭሩን ብታበሩ ደረጃዋን ታዩዋታላችሁ። በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ መብራት ደረጃው ወደ ቀኝ ይወጣል፣ በግራ ለሚነዳ አገር ወደ ግራ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መብራትም እንደ ሰው አገር አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢትዮጵያም ድሮ በግራ ነበር የምትነዳው። ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1964 ነው። ስዊድን በ1967፣ ሱዳን በ1973 ተከተሉ። ስዊድኖች ሲዞሩ የየመኪናው የፊት መብራት አብሮ እንዲለወጥ ማድረግ ነበረባቸው፤ መሪና መንገድ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛንያ ከእንግሊዝ በወረሱት ግራ ቀሩ። ጃፓንም በግራ ናት። ስለዚህ ከጃፓን የወጣ ያገለገለ መኪና ሞምባሳ ሲደርስ ምንም ሳይነካ ይነዳል፤ መሪውም መብራቱም ልክ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው ግን መሪው መዛወር አለበት። የእኛዋን ያዛወረው ሰው ዳሽቦርዱን ለውጧል፣ ፔዳሉን አዙሯል፣ የዝናብ መጥረጊያውን ሳይቀር አስተካክሏል። የፊት መብራቶቹን እንዳሉ ትቷቸዋል። መሪዋ ኢትዮጵያዊ፣ መብራቷ ኬንያዊ ሆና ነው ስድስት ዓመት የነዳናት። ደረጃው ወደ ግራ ይወጣል፤ እኛ አገር ደግሞ በግራ በኩል ያለው የሌላ ሰው ዓይን ነው።

ከ1957 በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የጉልበት ውድድር ነው። የመጀመሪያው የሃሎጅን የመኪና አምፖል በ1962 ወጣ። ሁለት ክር ያለው ኤች 4 በ1971 ተከተለ፤ በ12 ቮልት መኪና ረጅሙ 60 ዋት፣ አጭሩ 55 ዋት ነው፤ ዛሬም በየመንገዳችን አለ። ዜኖን በ1991 በቢኤምደብልዩ፣ ኤልኢዲ አጭር መብራት በ2007 በሌክሰስ መጣ። እነዚህ ከፋብሪካ ሲወጡ ከራሳቸው መስታወትና ቤት ጋር ተሠርተው ነው። እኛ የገዛነው ግን ኤች 4 መስሎ፣ በኤች 4 ቦታ የሚገባ ኤልኢዲ አምፖል ነው። ናይሮቢ ኪሪንያጋ ሮድ አለ፣ ካምፓላ ኪሴካ ገበያ አለ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አለ። ለመቀየር መካኒክ አያስፈልግም፤ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የጎማ ሽፋኑን አውልቆ፣ ሽቦውን ነቅሎ መሰካት ነው። ቤታችን በር ላይ ቆመን አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። ሲበራ ሰፈሩ ሁሉ ታየ። እልል ማለት ነበር የቀረን።

ያልገባን ይህ ነው። የሃሎጅኑ ክር ቀጭን ነው፣ ቦታውም በሚሊሜትር የተለካ ነው፤ ከኋላው ያለው አንጸባራቂ የተቀረጸው ለዚያች ክር ነው። ከአጭሩ ክር ሥር ደግሞ ብርሃኑን የምትቆርጥ ትንሽ የብረት ጽዋ አለች። ከኤልኢዲው የሚወጣው ብርሃን በሁለት ጎን ከተለጠፉ ቺፖች ነው፤ ቦታው ትንሽ ሲስት ብርሃኑ ወዳልታሰበበት ይረጫል። በተሳሳተ ደረጃ ላይ የተረጨ ብርሃን ጨመርንበት።

ከቡሌ ሆራ ወደ ያቤሎ፣ መሸት ሲል፣ ከፊታችን አንድ ሞተረኛ ይመጣ ነበር። ከኋላው ሁለት ጀሪካን የግመል ወተት ጭኗል። አጭር ላይ ነበርን። ሞተሩ ተወላገደ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠሩ ላይ ወደቀ። ሮጠን ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ወተቱ ነው፤ አንደኛው ጀሪካን ፈሷል። ክንዱ መሰበሩን ያወቀው ተደግፎ ሊነሳ ሲሞክር ነው። ያቤሎ ወስደን አሳከምነው፣ የወተቱንም የሞተሩንም ከፈልን። "ምን አየህ?" ስንለው "ምንም፣ ነጭ ብቻ" አለን። ያን ማታ ከሦስታችን መሪውን የያዘችው የትኛዋ እንደነበረች አንናገርም፤ አምፖሉን የገዛነው ሦስታችንም ነን።

ከዚያ በኋላ ነው ታሪኩን መጠየቅ የጀመርነው፤ እቤት የሠራነውንም ማፍረስ። ኤልኢዲዎቹን አውጥተን ጣልናቸው። አልሸጥናቸውም፤ ለሌላ ሰው ዓይን መሸጥ ስለሚሆን። ከሶማሌ ተራ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠሩ ሙሉ የፊት መብራቶች ከነቤታቸው ገዛን፤ ውድ ነበሩ። ስትገዙ መስታወቱ ላይ ያለውን ምልክት እዩ። በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር ካለበት የአውሮፓ ደንብ ነው፤ አጠገቡ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያመለክት ቀስት ካለ ለግራ ነጂዎች የተሠራ ነው፣ ቀስት ከሌለው ለቀኝ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ የሚያመለክት ከሆነ ለሁለቱም ይስተካከላል። ምልክት የሌለውን ግድግዳ ላይ ሳታበሩ አትክፈሉ።

ከፍታውን ራሳችን አስተካከልን። ሜዳ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀን ቆምን፤ የመብራቱን መሃል ከመሬት ለክተን ያንኑ ቁመት ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመርን። የአጭሩ ብርሃን የተቆረጠበት መስመር ከዚያ 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ማስተካከያውን በካቻቢቴ እያዞሩ ማምጣት ነው። ስትለኩ የተለመደውን ጭነት ጫኑ። ባዶዋን ለክተን ከኋላ ቦሎቄ ስንጭንባት አፍንጫዋ ቀና ብሎ መብራቱ እንደገና ዛፍ ላይ ወጣ።

የጉም መብራትም ጨመርን፤ ማርሳቢት ተራራ ላይ ጠዋት የገጠመው ወይም በጣርማ በር ያለፈ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀንም። ጉም ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው፤ ረጅም ስታበሩበት ብርሃኑ ተመልሶ እናንተኑ ይመታል። ስለዚህ የጉም መብራት ዝቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ወደ ጎን ሰፊ፣ ከላይ ግን የተቆረጠ ነው። ቢጫ መሆን አለበት የሚለው ክርክር ከድሮ የመጣ ነው፤ ፈረንሳይ ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1993 የመኪኖቿን የፊት መብራት ሁሉ በሕግ ቢጫ አድርጋ ኖራለች። ቢጫው ለዓይን ይለዝባል የሚሉ አሉ፤ ጉሙን የሚረታው ግን ቀለሙ ሳይሆን ዝቅታውና ቅርጹ ነው። ከ1953 ጀምሮ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንጋኒካ የተካሄደው የሳፋሪ ውድድር መኪኖች በተጨማሪ መብራት ይታወቁ ነበር፤ የየሀገሩ ጭነት መኪናም ጣሪያው ላይ ፓውዛ ይደረድራል። ጉም ውስጥ ግን የጣሪያ ፓውዛ ከሁሉም ይብሳል፤ ለሾፌሩ ዓይን እጅግ ቅርብ ስለሆነ የሚመለሰው ነጭ ግድግዳ እፊቱ ላይ ይቆማል።

የእኛዎቹን ከፓራውልቱ ሥር አሰርናቸው። ሁለት 55 ዋት አምፖል 110 ዋት ነው፤ ለ12 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ይሆናል። ይህን በቀጭን ሽቦ በማብሪያው በኩል ማሳለፍ ማብሪያውን ማቅለጥ ነው። ስለዚህ ከባትሪው በ15 አምፔር ፊውዝ አድርገን፣ በሪሌ በኩል ወሰድነው፤ ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ይቀሰቅሳል።

ክንዱ ሲድን ሞተረኛውን ያቤሎ አገኘነው፤ ማታ ከፊት ለፊታችን እንዲመጣ ለመንነው። ሳቀብን፣ ግን መጣ። ሁለቴ አለፈንና "አሁን ታርጋችሁ ይነበባል" አለን።

አንድ ነገር ቀርቷል። መብራቷ አሁን ለኢትዮጵያ ልክ ስለሆነ፣ ድንበሩን ስንሻገር የምናሳውረው ኬንያዊውን ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ከቱርቢ ወዲያ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ረጅሙን አብርቶ ተቆጣን፤ ጨዋ ያልናቸው ሰዎች። ስለዚህ ሞያሌ ላይ ወርደን ደረጃዋን በምትሠራው የመስታወት ክፍል ላይ ጥቁር ናስትሮ እንለጥፋለን፤ የትኛዋ እንደሆነች ግድግዳ ላይ እያበራን በእጃችን ሸፍነን አግኝተናታል። ስንመለስ እንልጣለን። የናስትሮው ጥቅልል ከኮሜሳው ቢጫ ካርድ ጋር በአንድ መሳቢያ ተቀምጧል።