መራጩ ሕዝብ ስለ ምን ቀዘቀዘ?

በ2002 ዓ. ም. በ17 ቀን ልዩነት በሁለት አገሮች ጠቅላላ ምርጫ ተደረገ፤ ሚያዝያ 28 ቀን በእንግሊዝ፣ ግንቦት 15 ቀን በኢትዮጵያ። በሁለቱም ዘንድ ብዙ መራጭ በፓርቲ መሪዎች አዝኖ ወደ ድምፅ መስጫው ሄደ፤ የኀዘኑ ምክንያትና ፍሬው ግን ለየቅል ነበረ።

የእንግሊዝ መራጭ ያዘነው በገንዘብ ነው። በ2001 ዓ. ም. አንድ የለንደን ጋዜጣ የፓርላማ አባሎች ለመንግሥት ያቀረቡትን የወጪ ሒሳብ አወጣ። በኩሬው ለሚዋኙ ዳክዬዎች ቤት የሠራበትን ሒሳብ ያቀረበ እንደራሴም ስለ ተገኘ አገሩ ሁሉ ሳቀም፣ ተቈጣም። አፈ ጉባኤው ሥራቸውን ለቀቁ። በምርጫው ከ650 መቀመጫ ወግ አጥባቂዎቹ 306፣ ሌበር 258፣ ሊበራል ዴሞክራቶች 57 አገኙ፤ ብቻውን መንግሥት ለማቆም የበቃ አልነበረም።

የአዲስ አበባው ኀዘን ግን ከፍቅር የመጣ ነው። ሕዝባችን እንደራሴዎቹን በቀጥታ መምረጥ የጀመረው በ1949 ዓ. ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ፓርቲ ስላልነበረ መራጩ የሚያምነውም የሚያማውም ሰውየውን ብቻ ነበረ። ፓርቲን እንደ ዘመድ መውደድ በከተማይቱ የታየው በ1997 ዓ. ም. ነው። የክርክሩን መድረክ በቴሌቪዥን የተመለከተ ሁሉ ከአራት ፓርቲዎች የተዋቀረውን ቅንጅትን የራሱ አደረገው። ግንቦት 7 ቀን እሑድ ነበረ፤ በሳሊተ ምሕረት አካባቢ ከቅዳሴ የወጡ እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ሰልፍ ሲገቡ አይተናል። እኛ ለመምረጥ ያልደረስን ልጆች ብንሆንም፣ የቅንጅትን ምልክት ሁለት ጣት እያነሣን በየመንገዱ እንሮጥ ነበር። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ. ም. በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች እንደ ሞቱ አጣሪ ኮሚሽኑ ቈጠረ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። ሐምሌ 13 ቀን 1999 ዓ. ም. በይቅርታ ሲፈቱ ከተማው እንደ ሙሽራ ጠበቃቸው፤ ደስታው ግን ያን ክረምት እንኳ በቅጡ አልተሻገረም። የኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ወገንና የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ወገን በየጋዜጣው ይካሰሱ ጀመር። ውጭ አገር ያሉት ደጋፊዎችም አብረው ተከፈሉ። አቶ ልደቱ አያሌው ከነፓርቲያቸው ቀድመው ተለይተው ነበር። በ2000 ዓ. ም. ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለአቶ አየለ ጫሚሶ ወገን ሰጠ፤ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በውጭ አገር ግንቦት 7 የተባለውን ንቅናቄ አቋቋሙ፤ ወይዘሪት ብርቱካን የአንድነት ፓርቲ መሪ ሆኑ፤ ኢንጂነር ኃይሉም ወደ ቀድሞ ቤታቸው ወደ መኢአድ ተመለሱ። ወይዘሪት ብርቱካን ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 ዓ. ም. እንደገና ሲታሰሩ፣ ፓርቲያቸው መድረክ ወደ ተባለው ኅብረት ይግባ አይግባ በሚል ሌላ ጠብ ተጠመደ።

ጥቅምት 20 ቀን 2002 ዓ. ም. የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ ሲፈረም፣ ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ፓርቲ ከኢሕአዴግ ጋር የፈረሙት ኢንጂነር ኃይሉ፣ አቶ ልደቱና አቶ አየለ ነበሩ። ሦስቱም ከአንዱ ከቅንጅት ግንድ የወጡ፣ እርስ በርሳቸው ግን የማይነጋገሩ ቅርንጫፎች! መፈረማቸውን እኛ አንነቅፍም፤ ደንብ መልካም ነገር ነው። ሆኖም «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲባል ያደገ ሕዝብ፣ የትናንቱን ቃል ማን እንደ ጠበቀው ሲጠይቅ የሚመልስለት አላገኘም።

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን ይህንም እንጨምር። ሁለት ዓመት ገደማ በወኅኒ የተቀመጠ ሰው ከጓደኛው ጋር ቢጣላ አይደንቅም። በ2001 ዓ. ም. የወጡት የበጎ አድራጎት ማኅበራትና የፀረ ሽብር አዋጆችም የመናገሪያውን ስፍራ አጥብበውት ነበር፤ ብዙ ሰው ዝም ያለው አዝኖ ብቻ ሳይሆን ፈርቶም ነው። ነገር ግን ፍርሃትን ሕዝብ ከዚያ በፊትም ያውቀዋል፤ በ1997 ዓ. ም. ፍርሃቱን ያስረሳው የመሪዎቹ አንድነት ነበረ። እንግሊዛዊው በአንዱ ፓርቲ ቢያዝን ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የእኛ መራጭ ግን አደራውን ሁሉ በአንድ ቤት አኑሮ ስለ ነበር ቤቱ ሲፈርስ መሄጃ አጣ።

በግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ. ም. እኛም ለመምረጥ ደርሰን ነበርና ተሰለፍን። በይፋ የተነገረው የመራጮች ቁጥር ከፍተኛ ነበር። በቆምንበት ሰልፍ ግን ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ሲጫወት እንጂ ስለ ምርጫው ሲያወራ አልሰማንም። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ፤ ከአዲስ አበባ የቀረችባቸው አንዲት የመድረኩ የአቶ ግርማ ሰይፉ ወንበር ናት። ወይዘሪት ብርቱካን በዚያ ቀን በቃሊቲ ወኅኒ ቤት ነበሩ፤ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው የተሾሙት ከስምንት ዓመት ተኩል በኋላ በኅዳር 2011 ዓ. ም. ነው።