የመንገድ ዕዳ በማን ላይ ይውደቅ?

መንገድ ለአገር የደም ሥር ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ነገር ግን ደም ሥሩን የሚያበጀውና የሚጠብቀው ገንዘብ ከማን ኪስ መውጣት እንደሚገባው የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። ይህን ለመመርመር የቡኢ መንገድ ታሪክ ጥሩ አስተማሪ ይሆነናል።

ከዓለም ገና ተነሥቶ በመልካ ቁንጡሬ አዋሽን የሚሻገረው መንገድ፣ ጥንታውያን ትክል ድንጋዮች ያሉባትን ጢያን አልፎ ቡኢ ይገባል፤ ከዚያም በኬላ በኩል ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ወላይታ ሶዶ ይዘልቃል። ዛሬ በመኪና የሚያልፍበት ሰው ይህን መንገድ ያሠራው መንግሥት ብቻ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ቀዳሚ ሥራው በጦርነቱ ዘመን የተበላሹትን ዋና ዋና ጎዳናዎች መጠገን ነበር። ከእነዚህ ጎዳናዎች ርቆ የሚኖረው ሕዝብ ግን ተራውን መጠበቅ ግድ ሆነበት። በ1950ዎቹ ዓመታት የአዲስ አበባ ጉራጌዎች ይህን መጠበቅ ትተው የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። አንደኛው ማኅበር ለወልቂጤና ለእምድብር አቅጣጫ የቆመ ሲሆን፣ ሌላው የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር ነበር። ነጋዴውም ባላገሩም አዋጣ፤ መንግሥትም የበኩሉን ጨመረ። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ለሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት፣ ይህ ማኅበር የከተማውንና የገጠሩን ሰው እንዴት እንዳስተሳሰረ መርምረዋል። ዕቁብና ዕድር የለመደ፣ በየመስቀሉም አገሩ የሚገባ ሰው፣ ያወጣው ገንዘብ የት እንደ ዋለ በዐይኑ ያያልና ለመስጠት አልሰሰተም።

ሆኖም መዋጮ መንገድ ያስወጣል እንጂ መንገድ አይጠብቅም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚሸረሽረውን ለመጠገን በየዓመቱ የማይቋረጥ ገንዘብ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ መዋጮ የከባድ መኪና ባለቤቱን ከአህያ ነጂው ለይቶ አያውቅም።

ለዚህ ችግር ዓለም ያገኘው መፍትሔ የነዳጅ ቀረጥ ነው። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት በ1919 ጀመረችው፤ በእኛም አገር በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ዋናው ገቢ ከነዳጅ ላይ የሚነሣው ሆነ። ብዙ የሄደ ብዙ ይከፍላል፤ አሰባሰቡም ቀላል ነው። ይሁን እንጂ መንገድ የማይረግጡት የወፍጮ ሞተርና የመስኖ ፓምፕም ነዳጅ ይጠጣሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ደግሞ መንገዱን እየረገጠ አንዲት ጠብታ አይገዛም። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ይህ የሩቅ አገር ጭንቀት መሆኑ ቀርቷል።

ታዲያ ምን ይበጃል? በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ እንደሚደረገው በር ላይ ማስከፈል አንዱ ዘዴ ነው። ዳሩ ግን የዌልስ ገበሬዎች ከ1839 እስከ 1843 የመንገድ ኬላዎችን በሌሊት የሰባበሩት፣ ወደ ገበያ በሄዱ ቁጥር መክፈሉ ስላስመረራቸው ነበር። በየመንደሩ መግቢያ ባለው በቡኢ መንገድ ላይ ኬላ ቢቆም ሸክሙ በበርበሬና በሽንኩርት ሻጩ ላይ ይወድቃል። ሌላው ዘዴ የኒውዚላንድ ነው፤ በዚያ የናፍጣ መኪናዎች በተጓዙት ኪሎ ሜትርና በክብደታቸው ይከፍላሉ፤ በ2024 የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ተጨምረዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን፣ መንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ያድጋል። እንግዲህ ክብደትንና ርቀትን መለካት፣ ነዳጅን ከመለካት ይልቅ ወደ ፍትሕ የቀረበ ነው።

ነገር ግን መለኪያው ብቻውን አይበቃም። የዚያ ዘመን አዋጪ ብሩን የሰጠው ተገዶ ሳይሆን መንገዱ ሲሠራ ስላየ ነው። የነገው ከፋይም የከፈለው ገንዘብ ጠጠርና ድልድይ ሆኖ ካላየው፣ ክፍያው በኪሎ ሜትር ቢሆን በሊትር ማጉረምረሙ አይቀርም። ስለዚህ አዲስ የክፍያ ደንብ የሚያረቅ ሹም፣ ከመለኪያው አስቀድሞ የሒሳቡን መዝገብ ለሕዝብ የሚገልጥበትን መንገድ ያስብ።