ነፃ ተዋዋይ፦ ውሉ ያለቀ ተጫዋች የማን ነው?

የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ሳኩዋን ባርክሊ ለኒው ዮርክ ጃያንትስ ስድስት የውድድር ዘመን ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ውሉ አለቀ። ክለቦች ከሌላ ቡድን ተጫዋቾች ጋር መነጋገር በተፈቀደላቸው የመጀመሪያ ቀን ከፊላደልፊያ ኢግልስ ጋር ተስማማ፦ የሦስት ዓመት ውል፣ 37.75 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚህ ውስጥ 26 ሚሊዮኑ በዋስትና። ኢግልስ ለጃያንትስ አንድ ሳንቲም አልከፈለም፤ በለውጥ የሰጠው ተጫዋችም የለም። ሁለቱ ክለቦች ደግሞ በአንድ ምድብ ሆነው በየዓመቱ ሁለት ጊዜ የሚፋለሙ የቆዩ ባላንጣዎች ናቸው።

በዚያ ሰሞን ባርክሊ በእንግሊዝኛ «ፍሪ ኤጀንት» ይባል ነበር፤ የነበረበት ሁኔታ ደግሞ «ፍሪ ኤጀንሲ»። ቃሉ በአማርኛ «ነፃ ወኪል» ተብሎ ሲተረጎም ይታያል። ይህ አንባቢን ያሳስታል፤ ወኪል ማለት ስለ ተጫዋቹ ሆኖ ከክለብ ጋር የሚደራደረው ሰው ነውና። «የባርክሊ ወኪል» እና «ነፃ ወኪሉ ባርክሊ» አንድ ዜና ውስጥ ሲገናኙ ማን ለማን እንደሚሠራ ይጠፋል። ከአውሮፓ እግር ኳስ የለመድነው «ነፃ ዝውውር» ይሻላል፤ ግን እሱም ልክ አይመጣም። ነፃ ዝውውር የዝውውር ሒሳብ ባለበት ዓለም ያለ ሒሳብ መሄድን ይናገራል። በአሜሪካው ሊግ፣ በኤን.ኤፍ.ኤል.፣ የዝውውር ሒሳብ ብሎ ነገር የለም። ደግሞም ነፃ የሆነ ተጫዋች ተመልሶ ከራሱ ክለብ ጋር ሊፈርም ይችላል፤ ያኔ የተዛወረ የለም።

እኔ የማቀርበው ቃል «ነፃ ተዋዋይ» ነው፤ ሁኔታውም «ነፃ ተዋዋይነት»። ተዋዋይ እንግዳ ቃል አይደለም፤ የቤት ኪራይ ወይም የሽያጭ ውል የፈረመ ሁሉ «ተዋዋይ ወገኖች» የሚለውን ያውቀዋል። ነፃ ተዋዋይ ማለት ውሉ ያለቀ ወይም በክለቡ የተቋረጠ፣ ቀጣዩን ውል ከፈለገው ክለብ ጋር የመፈራረም መብቱ በራሱ እጅ የገባ ተጫዋች ነው። ከትርጉሙ ውስጥ ክብደት ያለው ሁለተኛው ግማሽ ነው። በኤን.ኤፍ.ኤል. ውል አለቀ ማለት መብቱ እጅህ ገባ ማለት አይደለምና።

መብቱ በአገልግሎት ዘመን ይለካል። አንድ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ቢያንስ ለስድስት ጨዋታ ሙሉ ክፍያ በሚያስገኝ የስም ዝርዝር ላይ ከቆየ አንድ ዓመት ይቆጠርለታል። አራት ዓመት ቆጥሮ ውሉ ያለቀ ሙሉ ነፃ ተዋዋይ ነው፤ የፈለገበት ይሄዳል። ሦስት ዓመት የቆጠረው ውስን ነፃ ተዋዋይ ይባላል፦ ከሌላ ክለብ ሐሳብ መቀበል ይችላል፣ ነገር ግን የቀድሞ ክለቡ አስቀድሞ የአንድ ዓመት ጥያቄ ካቀረበለት በአምስት ቀን ውስጥ የሌላውን ክለብ ሐሳብ የሚያክል አቅርቦ ሊያስቀረው ይችላል። ከሦስት ዓመት በታች የሆነውን እንግሊዝኛው እንደ ሌሎቹ «ፍሪ ኤጀንት» ይለዋል። እኔ ግን በአማርኛ «ነፃ» ባንለው እመርጣለሁ፤ ክለቡ አነስተኛውን ደመወዝ ካቀረበለት ከማንም ጋር መነጋገር የማይችል ሰው ነውና «በክለቡ ብቸኛ መብት ሥር ያለ» ማለት ይበቃል።

ባርክሊ ነፃ እስኪሆን ያለፈበትን መንገድ ብናይ ነገሩ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዲስ ገቢ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ሁለተኛ ሆኖ በጃያንትስ ተመረጠ። የት እንደሚጫወት አልተጠየቀም። የተመራጮች የመጀመሪያ ውል አራት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ከሆነ ክለቡ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው፤ ጃያንትስም በዚህ ተጠቅሞ የ2022ን ዘመን በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ያዘው። ከነዚህ ዓመታት አንዱ፣ 2020፣ በሁለተኛው ጨዋታ ቺካጎ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ያለቀ ነው።

አምስት ዓመት ሞላ፤ ውሉም አለቀ። ነገር ግን ክለቡ አንድ መሣሪያ ቀርቶት ነበር። እንግሊዝኛው «ፍራንቻይዝ ታግ» ይለዋል፤ በአማርኛ «ማስቀሪያ» ብንለው ሥራውን ይናገራል። እያንዳንዱ ክለብ በዓመት አንድ ተጫዋች ላይ ማስቀሪያ ሊያኖር ይችላል። ተጫዋቹ በዚያ የጨዋታ ቦታ ከፍተኛ ተከፋዮች በሚያገኙት ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ የአንድ ዓመት ደመወዝ ይቀርብለታል፤ ነፃ መውጣቱ ግን በአንድ ዓመት ይገፋል። በማርች 2023 ጃያንትስ ኳርተርባኩን (የማጥቃት ጨዋታውን የሚመራውን ተጫዋች) ዳንኤል ጆንስንም ባርክሊንም ማጣት አልፈለገም፤ ማስቀሪያው ደግሞ አንድ ነው። ቀነ ገደቡ በሚያበቃበት ዕለት ጆንስ በአራት ዓመት 160 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ማስቀሪያውም ባርክሊ ላይ ዋለ፣ በ10.1 ሚሊዮን ዶላር። ጆንስ በዚያ ቀን ባይፈርም ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

ይህ እንደ ባርክሊ ላሉ ኳስ ይዞ ሯጮች ከማንም በላይ የሚመር ነገር ነው። ሥራቸው በየጨዋታው ሃያ ጊዜ ያህል ከነሱ በሚከብዱ ሰዎች መመታት ነው። ሰውነታቸው ዋጋ የሚያወጣው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሕጉ ደግሞ እነዚያን ዓመታት ለክለቡ ይሰጣል። በ2023 ማስቀሪያ የዋለባቸው ጆሽ ጄከብስ እና ቶኒ ፖላርድም ኳስ ይዞ ሯጮች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሦስቱም የረጅም ጊዜ ውል ሳያገኙ ቀነ ገደቡ አለፈ። ባርክሊ በመጨረሻ ነፃ ሲሆን ዕድሜው 27 ነበር። እኔ ይህን ሥርዓት ፍትሐዊ ነው ማለት ይከብደኛል። አንድ ተጫዋች ጉልበቱ ሙሉ በሆነበት ዘመን ሁሉ ሌላ አሠሪ እንዳያነጋግር ተከልክሎ፣ ሲደክም «አሁን ነፃ ነህ» መባሉ የስፖርቱ ጤና ምልክት አይደለም።

ያም ሆኖ አሁን ያለው ነፃነት በችሮታ የመጣ አይደለም፤ በፍርድ ቤት የተገኘ ነው። ከ1963 ጀምሮ በሊጉ ኮሚሽነር በፒት ሮዜል ስም የሚጠራ ደንብ ነበር፦ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ወደ ሌላ ክለብ ከሄደ፣ ተቀባዩ ክለብ ለቀድሞው ካሣ ይሰጣል፤ ካሣው ምን እንደሆነ ካልተስማሙ ኮሚሽነሩ ይወስናል። ማን ምን እንደሚከፍል ሳያውቅ ተጫዋች የሚያስፈርም ክለብ እምብዛም አልነበረምና ሰዉ ባለበት ቀረ። የባልቲሞር ኮልትሱ ጆን ማኪ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ከሰሰ፤ በ1976 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ደንቡ የነፃ ውድድር ሕግን የሚጥስ ነው አለ። የተጫዋቾቹ ማኅበር ግን በ1977ቱ ስምምነት ያገኘውን መልሶ በድርድር ሰጠ። በ1987 ተጫዋቾቹ ለዚሁ መብት ሥራ አቆሙ፤ ክለቦቹ በምትካቸው ሌሎች ሰዎች አሰልፈው ጨዋታውን ቀጠሉ፣ አድማውም ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ተበተነ። ከዚያ ማኅበሩ የተለየ መንገድ መረጠ፦ የሠራተኛ ማኅበርነቱን ራሱ ተወ። ማኅበር እያለ ክለቦቹ በኅብረት ድርድር ጥላ ሥር ሆነው ከክስ ያመልጡ ነበር፤ ጥላው ሲነሳ ግን በነፃ ውድድር ሕግ ሊጠየቁ ቻሉ። በ1992 ሚኒያፖሊስ ላይ የኒው ዮርክ ጄትሱ ፍሪማን ማክኒል እና ባልደረቦቹ ከዳኝነት ጉባኤው ዘንድ ረቱ።

የመጨረሻው ክስ የተሰየመው በሬጂ ዋይት ነው፤ የፊላደልፊያ ኢግልስ ተከላካይ፣ ሰባኪም ነበር። ጉዳዩ በ1993 በስምምነት አለቀና የዛሬው ነፃ ተዋዋይነት ተጀመረ። ዋይት ራሱ በዚያው ዓመት ኤፕሪል የመጀመሪያው ትልቅ ነፃ ተዋዋይ ሆኖ ከግሪን ቤይ ፓከርስ ጋር ለአራት ዓመት በ17 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ግሪን ቤይ በሊጉ ትንሿ ከተማ ናት፤ ብርዱም ይከብዳል፤ ጥቁር ተጫዋቾች አይመርጧትም ይባል ነበር። የዋይት ፊርማ ይህን አባባል ዝም አሰኘው። በጃንዋሪ 1997 በሱፐር ቦውል፣ በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ፓከርስ ኒው ኢንግላንድን 35 ለ21 ሲያሸንፍ የተጋጣሚውን ኳርተርባክ ሦስት ጊዜ የጣለው እሱ ነበር። በአውሮፓ እግር ኳስ ውሉ ላለቀ ተጫዋች ተመሳሳይ ነፃነት የሰጠው የዣን-ማርክ ቦስማን ፍርድ የመጣው ከዋይት ፊርማ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ፣ በ1995 ማብቂያ ላይ ነው።

ባለክለቦቹ በ1993 ነፃነቱን ሲሰጡ በምላሹ አንድ ነገር ተቀበሉ፦ የደመወዝ ጣሪያ። ይህ ቃል ለኛ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወሰን ብዙ ተወርቶበታል። የኛው ጣሪያ የተጣለው ግን በእያንዳንዱ ተጫዋች ላይ ነበር። የአሜሪካው ጣሪያ በክለቡ ጠቅላላ ክፍያ ላይ ነው፤ አንዱ ብዙ ከወሰደ ለሌላው ይቀንሳል። ከሊጉ ገቢ ስለሚሰላ ከፍና ዝቅ ይላል፦ በ1994 ሲጀመር 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2021 በኮሮና ምክንያት ወደ 182.5 ወረደ፤ በ2024 ደግሞ 255.4 ሚሊዮን ደረሰ።

በማርች ወር የሚሰማው የስንብት ዜና አብዛኛው ከዚህ ጣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ክለቡ በክረምቱ ዝግጅት እስከ 90 ሰው ይይዛል፤ በነሐሴ መጨረሻ 53 ይቀሩታል። ከዚያ በፊት ግን የሒሳብ ዓመቱ በማርች አጋማሽ ሲገባ ከጣሪያው በታች መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ወጥመድ አለ። ለፊርማ የሚሰጠው ገንዘብ ለተጫዋቹ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፣ በጣሪያው ሒሳብ ላይ ግን እስከ አምስት ዓመት ተከፋፍሎ ይመዘገባል። 20 ሚሊዮን ለፊርማ ከሰጠህ በየዓመቱ አራት አራት ሚሊዮን ይያዝብሃል። ተጫዋቹን በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ብታሰናብተው የቀረው 12 ሚሊዮን አይጠፋም፤ ሰውየው ሳይኖር ከጣሪያህ ላይ ይቀነሳል። «የሙት ገንዘብ» ይሉታል፤ ቃሉ እንዳለ ወደ አማርኛ ቢገባ የሚጎድለው የለም። ዴንቨር ብሮንኮስ በማርች 2024 ኳርተርባኩን ራስል ዊልሰንን ሲያሰናብት 85 ሚሊዮን ዶላር የሙት ገንዘብ ታቅፎ ቀረ፤ ሁለት ዓመት ላይ ከፋፈለው። ዊልሰን በ1.21 ሚሊዮን ለፒትስበርግ ስቲለርስ ፈረመ፤ ለዚያ ዓመት በዋስትና ከተያዘለት 39 ሚሊዮን የቀረውን የከፈለው የለቀቀው ዴንቨር ነው። ስለዚህ «አሰናበቱት» የሚል ዜና ሲሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ተጫዋቹ ደካማ ነው ወይ የሚለው አይደለም፤ ክለቡ ስንት የሙት ገንዘብ ይቀርበታል፣ ስንትስ ያድናል የሚለው ነው።

ወደ ጃያንትስ ልመለስ። በማርች 2024 ባርክሊን ለሁለተኛ ጊዜ ለማስቀረት 12.1 ሚሊዮን ያህል ያስፈልግ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጆ ሼን ለኳስ ይዞ ሯጭ ያን መክፈል አልፈለገም። ባርክሊ ከኢግልስ ጋር በተስማማበት ዕለት ጃያንትስ ከካሮላይና ፓንተርስ ብራያን በርንስን አስመጣ፤ በምላሹ የድራፍት ተራ ሰጠ፣ ለተጫዋቹም የአምስት ዓመት ውል። የበርንስ አመጣጥ ነፃ ተዋዋይነት አይደለም፤ ክለብ ከክለብ ጋር የተዋዋለበት «ልውውጥ» ነው፤ የሁለቱ ልዩነት በአንድ ቀን፣ በአንድ ክለብ እንዲህ ጥርት ብሎ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከጃያንትስ ባለቤቶች አንዱ ጆን ማራ፣ ባርክሊ ፊላደልፊያ ከገባ እንቅልፍ እንደሚነሳው ለሼን ሲነግረው በኤች.ቢ.ኦ. ካሜራ ፊት ነበር፤ በዚያ ክረምት ሰው ሁሉ አየው።

ባርክሊ በኢግልስ የመጀመሪያ ዘመኑ 2,005 ያርድ ሮጠ። በሊጉ ታሪክ በአንድ መደበኛ ዘመን ሁለት ሺህን ያለፈ ዘጠነኛው ሰው ሆነ። የጥሎ ማለፉ ሲጨመር 2,504 ደረሰ፤ ይህም ክብረ ወሰን ነው። ሬጂ ዋይትን በነፃ ተዋዋይነት ያጣችው ፊላደልፊያ፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ በዚያው በር ባርክሊን አገኘች፤ በፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025፣ በባርክሊ 28ኛ የልደት ቀን፣ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 40 ለ22 አሸንፋ ሱፐር ቦውሉን ወሰደች። ጃያንትስ ያን ዘመን በሦስት ድልና በ14 ሽንፈት ጨረሰ። ዳንኤል ጆንስም ዘመኑ ሳያልቅ በኖቬምበር ተሰናበተ።

በማርች 2025 ኢግልስ የባርክሊን ውል በሁለት ዓመትና በ41.2 ሚሊዮን ዶላር አራዘመ። ይህ ዜና ከነፃ ተዋዋይነት ጋር ሊምታታ አይገባም፦ ሁለት ዓመት ቀርቶት ስለነበር የትም መሄድ አይችልም ነበር፤ ክለቡ ሳይገደድ ነው የከፈለው። በዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ የተዋዋለ የመጀመሪያው ኳስ ይዞ ሯጭም ሆነ።