የዩርጎርደን አጥር

በስቶክሆልም የሚኖር አበሻ ልጆቹን ይዞ ወደ ዩርጎርደን ደሴት ሲሻገር የስሙን ትርጉም ልብ ላይለው ይችላል። ቃሉ በስዊድንኛ «የእንስሳት ግቢ» ማለት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 እ.ኤ.አ. ስድስት ኪሎ ላይ ያቋቋሙትን አንበሳ ግቢ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ስም አይደለም። የሁለቱም ግቢዎች መነሻ ቤተ መንግሥት ነው።

ንጉሥ ዮሐን 3ኛ በ1579 ከደሴቱ ከፊሉን አሳጥሮ አጋዘን አኖረበት። ካርል 11ኛ ደግሞ በ1680ዎቹ አጥሩን አስፍቶ ቦታውን የነገሥታት ማደኛ አደረገው። ያ አጥር የቆመው ሰውን ከአውሬ ለመጠበቅ ሳይሆን አውሬውን ለንጉሡ ጠመንጃ ለማቆየት ነበር። ግብር ከፋይ ገበሬዎች በገዛ መሬታቸው የማደን መብት ያገኙት እንኳ በ1789 ነው። በ1731 ከአልጀርስ ለፍሬድሪክ 1ኛ በስጦታ የመጣው አንበሳም በዚሁ ደሴት ኖሯል። ሜዳው ዛሬም «ሌዮንስሌተን»፣ የአንበሳ ሜዳ፣ ይባላል።

አርቱር ሃሴሊየስ በ1891 ስካንሰንን ከከፈተ ወዲህ የአጥሩ ትርጉም ተገለበጠ። ትኬት የቆረጠ ሁሉ ድቡንና ተኩላውን ያያል፤ አጥሩም ጎብኚውን ከአውሬው፣ አውሬውንም ከጎብኚው ይጠብቃል።

ስዊድን ግን አጥር የማትወድ አገር ናት። «አለማንስሬተን» በሚባለው የቆየ ልማድ ማንም ሰው የሌላውን መኖሪያና አዝመራ እስካልነካ ድረስ በጫካው ይሄዳል፣ የዱር ፍሬ ይለቅማል። ልማዱ በ1994 በሕገ መንግሥቱ ሰፍሯል። በ1965 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያለ ፈቃድ መግባትን ሲከለክል የሚዘረዝረው ቢሮን፣ ፋብሪካን፣ መርከብን፣ የዕቃ ማከማቻን፣ እነዚህንም የመሰሉ ቦታዎችን ነው። የአውሬ ግቢ በስሙ አልተጠራም። ቅጣቱም ከገንዘብ መቀጮ ይጀምራል።

የአውሬው ቅጣት ግን ሌላ ነው። በ2016 በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ የ3 ዓመት ሕፃን ጎሪላ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ልጁን ለማዳን ሃራምቤ የተባለው ጎሪላ በጥይት ተገደለ። እናቲቱ አልተከሰሰችም፤ በሕፃን ጥፋትም የሚፈርድ የለም። ለድፍረት ወይም ለፎቶ ብሎ አጥር የሚዘል አዋቂ ግን ይህን ያውቃል፦ እሱ ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል፣ እንስሳው ደግሞ ሕይወቱን ሊከፍል ይችላል።

የድሮው የዩርጎርደን አጥር አጋዘኑን ለጥይት አቆየው። የዛሬው ከጥይት ይጠብቀዋል፤ የሚጠብቀው ግን ከውጭ የቆመው ሰው እስካከበረው ድረስ ነው።