የስልካችሁ ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ትክክል ነው? በወረቀትና በእስክሪብቶ እንፈትሸው

ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ያገለገለ ስልክ ስንገዛ አብዛኞቻችን የምናየው ስክሪኑን፣ ካሜራውንና ባትሪውን ነው። ዛሬ አንድ ነገር እንጨምርበት፦ *#06# ስንጽፍ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር። አይኤምኢአይ ይባላል፣ የቀፎው መታወቂያ ማለት ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. የቀፎ ምዝገባ ሲጀምር የመዘገበውም ይህንኑ ቁጥር ነበር።

ቁጥሩ ምን ይዟል?

የመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች አምራቹንና ሞዴሉን ይነግሩናል። ቀጣዮቹ 6 ያንን አንዱን ቀፎ ከሌሎቹ ይለያሉ። 15ኛው ግን ስለ ስልኩ ምንም አይናገርም። ሥራው ሌሎቹን 14 መጠበቅ ነው፤ የሚገኘውም ከእነሱ በሒሳብ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ነው?

የሰው ቁጥር እንዳናወጣ ለልምምድ 123456789012347ን እንውሰድ።

1. ከግራ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያልን እስከ 14ኛ ያሉትን እጥፍ እናድርግ። 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 0፣ 2፣ 4 የነበሩት 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 0፣ 4፣ 8 ይሆናሉ።
2. ባለ ሁለት አሃዝ የሆነውን እርስ በርሱ እንደምር፦ 12 ወደ 3፣ 16 ወደ 7 ይቀየራል። ሁሉም ሲደመር 34።
3. ያልነካናቸውን እንደምር፦ 1+3+5+7+9+1+3+7=36።
4. 34+36=70። ለ10 ያለ ቀሪ ተካፈለ፣ አለፈ!

ዘዴውን የፈጠረው የአይቢኤሙ መሐንዲስ ሃንስ ፒተር ሉን ነው። በፈረንጆቹ 1954 ለፓተንት አመለከተ፣ በ1960 ተፈቀደለት። የቪዛና የማስተርካርድ ቁጥሮችም የሚፈተሹት በዚሁ ነው።

ምን ይይዛል፣ ምን ያመልጠዋል?

አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ሁሌም ይይዛል። 5ን 6 ብለን ብንጽፍ ድምሩ 71 ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡም ይነቃል፣ ከአንድ ጥንድ በቀር፦ 9 እና 0። በምሳሌያችን 90ን 09 አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ድምሩ እዚያው 70 ላይ ይቀራል።

ስትገዙስ?

ቁጥሩ ካላለፈ፣ ወይ እናንተ ተሳስታችኋል ወይ ቁጥሩ ተነካክቷል። መጀመሪያ ድጋሚ ደምሩ። አሁንም እምቢ ካለ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

ካለፈ ደግሞ ቶሎ አትመኑ። በዘፈቀደ ከተጻፉ 10 ቁጥሮች አንዱ በአማካይ ያልፋል። የተሰረቀ ስልክ ቁጥርም ትክክለኛ ስለሆነ ያልፋል፤ ሒሳቡ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ *#06# ያሳየውን ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። የራሳችሁንም ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ስልኩ ከጠፋ በኋላ *#06# የምትሉበት የለም።