አኩፓንክቸር፣ አመጋገብ እና መካንነት

አኩፓንክቸር ለመካንነት የሚባለው፣ ልጅ ለመውለድ የተቸገሩ ሰዎችን ቀጫጭን መርፌዎች በተወሰኑ የሰውነት ነጥቦች ላይ በመሰካት ለመርዳት የሚሞከርበት፣ መነሻው የቻይና ባህላዊ ሕክምና የሆነ ዘዴ ነው። በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ ብዙውን ጊዜ ከአመጋገብ ምክር ጋር ተጣምሮ «ሁለንተናዊ» ወይም «ተፈጥሯዊ» ሕክምና በሚል ስም ይሰጣል፤ ብዙ ተጠቃሚዎችም ከአይ ቪ ኤፍ ሕክምና ጎን ለጎን ይወስዱታል። አይ ቪ ኤፍ የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር ከማህፀን ውጭ በላብራቶሪ ተዋህደው የተገኘው ሽል ወደ ማህፀን የሚመለስበት ሕክምና ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን የሚተረጉመው ያለ እርግዝና መከላከያ ለ12 ወራት ወይም ከዚያ በላይ አዘውትሮ ግንኙነት ተደርጎ እርግዝና ሳይገኝ ሲቀር ነው። ድርጅቱ በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች 17.5 በመቶው፣ ማለትም ከ6 ሰዎች 1 ያህሉ፣ በሕይወት ዘመናቸው ችግሩ እንደሚገጥማቸው ገምቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጡ

የቻይና ሕክምና መሠረት የሆነውና ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት የመጨረሻ ሁለት ምዕተ ዓመታት አካባቢ እንደተጠናቀረ የሚታሰበው «ኋንግዲ ኔይጂንግ» የተባለው መጽሐፍ፣ ገና በመጀመሪያው ምዕራፉ ስለ መውለድ አቅም ይናገራል። በመጽሐፉ አቆጣጠር የሴት ዕድሜ በሰባት በሰባት ዓመት ይከፈላል፤ በ14 ዓመቷ የወር አበባዋ ይመጣል፣ በ49 ዓመቷ ደግሞ ልጅ መውለድ ታቆማለች። የወንድ ዕድሜ በስምንት በስምንት ተከፍሎ እስከ 64 ይደርሳል። ቁጥሮቹ ለሥርዓት ሲባል የተስተካከሉ ቢሆኑም ስለ ሴቶች የተባለው ከዛሬው እውቀት ብዙም አይርቅም። በ7ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ሐኪም ሱን ሲሚያኦ ደግሞ በትልቁ የመድኃኒት መጽሐፉ የሴቶችን ሕክምና ከሌሎች ክፍሎች አስቀድሞ አስቀምጦታል።

በዚህ ባህል አስተሳሰብ «ቺ» የተባለ ኃይል በሰውነት ውስጥ ባሉ መስመሮች ይፈሳል፤ ፍሰቱ ሲታወክ በሽታ ይመጣል፤ መርፌው ያስተካክለዋል። እነዚህ መስመሮች በአካል ጥናት አልተገኙም። ዘመናዊ ተመራማሪዎች የሚያቀርቡት ማብራሪያ የተለየ ነው፤ መርፌው ነርቮችን በመቀስቀስ ወደ ማህፀን የሚሄደውን ደም ሊጨምር፣ ውጥረትንም ሊቀንስ ይችላል ይላሉ። በስዊድን በ1996 በ10 ሴቶች ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናት፣ በኤሌክትሪክ የታገዘ አኩፓንክቸር ከተሰጠ በኋላ ወደ ማህፀን በሚወስዱት የደም ቧንቧዎች ውስጥ ለደም ፍሰት የነበረው እንቅፋት መቀነሱን ዘግቧል። ሆኖም የደም ፍሰት መሻሻል ብቻውን ልጅ መውለድ ማለት አይደለም።

የኡልሙ ሙከራና የተከተለው ክርክር

ዘዴውን በአይ ቪ ኤፍ ክሊኒኮች ዘንድ ያስተዋወቀው በጀርመን ኡልም ከተማ ቮልፍጋንግ ፓውሉስና ባልደረቦቹ ያደረጉት፣ በ2002 የታተመው ሙከራ ነው። 160 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሽሉ ወደ ማህፀናቸው ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ለ25 ለ25 ደቂቃ መርፌ ተሰካላቸው፤ የቀሩት ያለ መርፌ ጋደም ብለው ቆዩ። መርፌ ከተሰካላቸው 42.5 በመቶው አረገዙ፤ ከሌሎቹ 26.3 በመቶው። ይህ ትልቅ ልዩነት ስለነበር ዜናው በፍጥነት ተሰራጨ፤ ብዙ ክሊኒኮችም ሽል በሚተከልበት ቀን የአኩፓንክቸር ባለሙያ ማስገባት ጀመሩ።

የሙከራው ድክመት ግን ግልጽ ነበር። መርፌ የተሰካላቸው ሴቶች እንደተሰካላቸው ያውቃሉ፤ ያልተሰካላቸውም እንዳልተሰካላቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ልዩነቱ ከመርፌው ይምጣ፣ ከተጨማሪው እንክብካቤ ይምጣ ወይም እንዲያው በአጋጣሚ ይፈጠር መለየት አይቻልም። መፍትሔ ሆኖ የቀረበው የማስመሰያ መርፌ ነው። ጫፉ ደነዝ ሆኖ ሲጫኑት ቆዳን ሳይበሳ ወደ ራሱ እጀታ ይገባል፤ ታካሚዋ ግን እንደተወጋች ይሰማታል። በጀርመን የተሠራው የዚህ ዓይነት መርፌ በ1998 ይፋ ሆኗል። የኡልሙ ቡድን ራሱ ሙከራውን በማስመሰያ መርፌ ደግሞ በ2003 በጉባኤ ላይ ሲያቀርብ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ይህ ሁለተኛው ውጤት የመጀመሪያውን ያህል አልተወራለትም።

ቀጥለው የመጡት ጥናቶች እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። በ2008 ሰባት ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ አኩፓንክቸር ይረዳል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። በ2013 ደግሞ 16 ሙከራዎችንና 4021 ሴቶችን ያካተተ የታደሰ ግምገማ በጥቅሉ ጉልህ ጥቅም አላገኘም። ከሁሉ የሚያስገርመው በሆንግ ኮንግ በ370 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2009 የታተመው ነው፤ በማስመሰያው መርፌ ቡድን 55.1 በመቶ፣ በእውነተኛው መርፌ ቡድን ግን 43.8 በመቶ እርግዝና ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ማስመሰያው ራሱ የራሱ ውጤት ሊኖረው ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ክርክሩን በአብዛኛው የዘጋው በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ በ848 ሴቶች ላይ የተካሄደውና በ2018 የታተመው የካሮላይን ስሚዝና የባልደረቦቿ ሙከራ ነው። ይህ ጥናት የቆጠረው እርግዝናን ብቻ ሳይሆን በሕይወት የተወለደ ልጅን ነው። ከእውነተኛው መርፌ ቡድን 18.3 በመቶው፣ ከማስመሰያው 17.8 በመቶው ወለዱ። ይህ ልዩነት የለም እንደማለት ነው።

የአኩፓንክቸር ባለሙያዎች በዚህ ጥናት የተሰጠው ሕክምና በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፣ በተግባር ግን ሕክምናው ለወራት ይቀጥላል ሲሉ ተቃውመዋል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ሆኖም በከፊል የሚመልሰው ሌላ ጥናት አለ። በቻይና ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ያለባቸው፣ ማለትም በሆርሞን መዛባት ምክንያት እንቁላል በወቅቱ የማይለቁ፣ 1000 ሴቶች በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ እስከ 32 ጊዜ ድረስ ታከሙ። ውጤቱ በ2017 ታተመ። ክሎሚፊን የተባለውን እንቁላል የሚያስለቅቅ እንክብል ከእውነተኛ መርፌ ጋር ከወሰዱት 29.4 በመቶው፣ ክሎሚፊንን ከማስመሰያ ጋር ከወሰዱት 28.0 በመቶው ወለዱ። ክሎሚፊን ሳያገኙ እውነተኛ መርፌ ብቻ የተሰካላቸው 13.9 በመቶ፣ ማስመሰያ ብቻ ያገኙት 16.8 በመቶ ነበሩ። የወሊድን ቁጥር እጥፍ ያደረገው ርካሹ እንክብል እንጂ መርፌው አልነበረም።

ይህ ማለት ታካሚዎች ከአኩፓንክቸር ምንም አያገኙም ማለት አይደለም። በአሜሪካ በ2009 የታተመ ጥናት የእርግዝናው ቁጥር ባይለወጥም መርፌ የወሰዱት ሴቶች ጭንቀታቸው ቀንሶ፣ ተስፋቸውም ጨምሮ አግኝቷል። የመካንነት ሕክምና ረጅምና አድካሚ በመሆኑ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ሆኖም «ጭንቀትን ይቀንሳል» እና «ያስረግዛል» የተለያዩ አባባሎች ናቸው።

አመጋገብ

በአመጋገብ ረገድ ማስረጃው ጠንካራ የሆነው ስለ ማርገዝ ሳይሆን ስለሚረገዘው ልጅ ነው። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት የነርቭ ቱቦ ከፅንሰት በኋላ ባሉት 28 ቀናት ገደማ ይዘጋል፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አላወቁም። ቱቦው ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ኅብለ ሰረሰሩ ክፍት ሆኖ ወይም የራስ ቅሉ ጎድሎ ይወለዳል። በ1991 የታተመ ዓለም አቀፍ ሙከራ፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ የችግሩ መደገም በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሁሉ ከእርግዝናው በፊት ጀምራ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመከራል፤ ቀድሞ ችግሩ ላጋጠማት ሐኪም የሚያዝላት መጠን ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ በጎመን፣ በምስር፣ በሽምብራና በባቄላ ውስጥ ፎሌት በሚባል መልኩ ይገኛል። ፎሌት በውሃ የሚሟሟና በሙቀት የሚጎዳ ስለሆነ ጎመን ለረጅም ጊዜ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። የነርቭ ቱቦ ጉድለት በኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች በላቀ መጠን ይታያል፤ በዚህም ምክንያት በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። ዩናይትድ ስቴትስ ከ1998 ጀምሮ እንዲህ ታደርጋለች፤ ነገር ግን ግዴታው የጤፍ ዱቄትን ስለማይመለከት፣ በዚያ የምትኖርና ዘወትር የጤፍ እንጀራ የምትበላ ሴት ከዳቦ ተመጋቢዋ ጎረቤቷ ያነሰ ፎሊክ አሲድ ልታገኝ ትችላለች።

ስለ ማርገዝ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአሜሪካ 17,544 ነርሶችን ለስምንት ዓመታት የተከታተለውና በ2007 የታተመው ጥናት ነው። ከእንስሳት ይልቅ ከዕፅዋት ብዙ ፕሮቲን ያገኙ፣ ትራንስ ስብ ያለበትን ምግብ የቀነሱ፣ ቅቤው ያልወጣለት ወተት የጠጡና ቫይታሚን የወሰዱ ሴቶች፣ እንቁላል ባለመልቀቅ በሚመጣ መካንነት የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ነበር። ጥናቱ ግን ምግብ በዕጣ ያልተመደበበት ምልከታ ነው፤ በጥሩ ሁኔታ የሚመገቡ ሴቶች በሌላም ነገር ይለያሉ። ደግሞም ግኝቱ ስለ ተዘጋ ቱቦም ሆነ ስለ ወንድ ዘር የሚለው ነገር የለም።

የክብደት ጉዳይም እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። በኔዘርላንድ በ2016 የታተመ ሙከራ ከመጠን በላይ የወፈሩ 577 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን ከመካንነት ሕክምናው በፊት ለስድስት ወር ክብደት በመቀነስ አሳለፈ። በዚህ ቡድን ያለ ሕክምና ያረገዙት በዙ፤ 26.1 በመቶ ሲሆኑ ከሌላው ቡድን 16.2 በመቶ ነበሩ። ነገር ግን ዋናው መለኪያ፣ ጊዜውን ጠብቆ በተፈጥሮ መንገድ አንድ ጤናማ ልጅ መውለድ፣ ከዘገዩት ይልቅ ወዲያው ሕክምና በጀመሩት ዘንድ በዛ፤ 27.1 ለ35.2 በመቶ። መጠበቁ ራሱ ዋጋ አስከፍሏል።

የወንዶች ድርሻ

በየገበያው «የወንድ ዘርን ያጠነክራል» ተብሎ የሚሸጠው ተጨማሪ ንጥረ ነገር አብዛኛው ዚንክና ፎሊክ አሲድ ነው። በአሜሪካ 2370 ጥንዶች የተሳተፉበት፣ በ2020 የታተመ ሙከራ ወንዶቹን ለስድስት ወር ይህንኑ አስወስዶ ነበር። ከወሰዱት ጥንዶች 34 በመቶው፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 35 በመቶው ልጅ አገኙ። ያመጣው ለውጥ ቢኖር የሆድ ሕመምና ማቅለሽለሽ ነው። የሲጋራና የብዙ አልኮል ጉዳት ግን የታወቀ ነው። አንድ የወንድ ዘር ለመመረት ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅበት፣ ማጨስ ያቆመ ሰው ለውጡን ለማየት ሦስት ወር ገደማ ይጠብቃል።

ጉዳትና መዘግየት

ሠልጥኖ በተፈቀደለት ባለሙያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል ንጹሕ መርፌ ሲሰጥ አኩፓንክቸር ብዙም አደጋ የለውም፤ መድማት፣ መበለዝና ራስ ማዞር ያጋጥማሉ፣ የሳንባ መበሳት እጅግ አልፎ አልፎ ደርሷል። ደጋግመው ባገለገሉ መርፌዎች የጉበት በሽታ ቫይረስ የተላለፈባቸው ጊዜያትም ተመዝግበዋል። አብረው የሚሰጡት ዕፅዋት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለባቸው የቻይና ዕፅዋት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅየም የብዙ ሴቶችን ኩላሊት ከጥቅም ውጭ አድርገዋል።

ትልቁ ጉዳት ግን በመርፌው ሳይሆን በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። የሴት እንቁላል ቁጥርና ጥራት ከ35 ዓመት በኋላ በፍጥነት ይቀንሳል፤ በ38 ዓመቷ አንድ ዓመት በመርፌና በምግብ የሞከረች ሴት ያንን ዓመት መልሳ አታገኘውም። ስለዚህ የሕክምና ማኅበራት ከ35 ዓመት በላይ ያለች ሴት አንድ ዓመት ሳትጠብቅ ከስድስት ወር በኋላ እንድትመረመር ይመክራሉ።

የምክንያቱ ዓይነትም ይወስናል። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ከሌሎች ክፍለ ዓለማት ይልቅ መካንነት የሚመጣው በአባላዘር በሽታ፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ በሚከሰት ኢንፌክሽን ምክንያት የማህፀን ቱቦዎች ሲዘጉ ነው። በጠባሳ የተዘጋን ቱቦ ምግብም ሆነ መርፌ አይከፍተውም፤ ያለው አማራጭ ቀዶ ሕክምና ወይም ቱቦውን የሚያልፈው አይ ቪ ኤፍ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመንግሥት አይ ቪ ኤፍ ማዕከል በ2019 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከፍቷል። የመጀመሪያዎቹ ምርመራዎች ግን አይ ቪ ኤፍ አያስፈልጋቸውም፤ እንቁላል መለቀቁ በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ፣ ቱቦዎቹ ክፍት መሆናቸው በማህፀን በኩል በሚገባ ፈሳሽና በራጅ፣ የወንዱ ዘር ደግሞ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከሁሉ ቀላሉና ርካሹ የወንዱ ምርመራ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሴቷ ሁሉን አልፋ ካበቃች በኋላ በመጨረሻ የሚደረገውም እሱ ነው።